ጠርሙሱ ላይ ያለው ዓመት ምን ይነግረናል? ከሐዋሳ ወይን ጠጪዎች ለመጡ ጥያቄዎች መልስ

ሐዋሳ ያላችሁ ወዳጆች፣ ስለ ወይን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ገሚሱ ጥያቄ ጠርሙሱ ላይ ስለሚጻፈው ዓመት ሆኖ መጣ። በሉ እንጀምር።

ከታቦር፦ አልፎ አልፎ ከጓደኞቼ ጋር እጠጣለሁ። ዓመቱን ልብ ብዬ አላውቅም። ሰሞኑን አንዱ «ዓመቱ አሪፍ ነው» ሲል ሰማሁት። ምን ማለቱ ነው?

ዓመቱ ፍሬው የተለቀመበት ነው፤ የታሸገበት አይደለም። ዝናብ በሰጠ ዓመትና በነፈገ ዓመት የሚቆረጥ ማር አንድ እንዳልሆነው ሁሉ ወይንም እንደዚያው ነው። ነገሩ በተለይ ፈረንሳይ ቦርዶ ላይ ይብሳል። በሚያዝያ ውርጭ ወርዶ ለጋውን ቡቃያ ያቃጥለዋል። ለቀማው ሲቃረብ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ፍሬው ውሃ ይቋጥራል፣ ይሻግታል። በ1991 ውርጩ፣ በ2013 ቅዝቃዜውና ዝናቡ አምራቾቹን ክፉኛ ጎድቷል። 1982፣ 2000፣ 2005፣ 2009፣ 2010 እና 2016 ግን ዛሬም ስማቸው ይነሳል። ዋጋቸውም እንደ ስማቸው ነው፤ እዚህ አልገባበትም።

ከሐይቅ ዳር፦ 2016 ስትል በእኛ ነው በፈረንጅ?

በፈረንጅ! አትሳቁ፣ ብዙ ሰው ይምታታበታል። የቦርዶው 2016 የተለቀመው በእኛ መስከረምና ጥቅምት 2009 ላይ ነው። ደቡብ አፍሪካ ግን ለቀማው ከጥር እስከ መጋቢት ነው። ስለዚህ ሁለቱም ላይ አንድ ዓመት ቢጻፍ የደቡብ አፍሪካው በዕድሜ በግማሽ ዓመት ያህል ይበልጣል። ከእነሱ 2015 እና 2017 ይመሰገናሉ።

ከአቶቴ፦ የዝዋዩ ሪፍት ቫሊ ወይንስ? እሱም ዓመት ይመረጥለታል?

ያን ያህል አትጨነቂበት፣ እህቴ። ዝዋይ የአውሮፓ ዓይነት ክረምት የለም። ተክሉ ውሃ የሚያገኘው በመስኖ ነው፤ የሚያርፈውም ሲገረዝ ነው። ስለዚህ በዓመትና በዓመት መካከል ያለው ልዩነት ይጠባል። አንቺ ዓመቱን የምታይው ወይኑ ስንት ጊዜ እንደቆየ ለማወቅ ነው። በተለይ ነጩን ገና አዲስ እያለ ጠጪው።

ከመናኸሪያ፦ ጥሩ ዓመት መርጬ ለልጄ ሰርግ ላስቀምጥ አስቤ ነበር።

ጋሼ፣ ሐሳብዎ ደስ ይላል፤ ግን ይቅርብዎ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው። የሚቆየውም ቢሆን ከ12 እስከ 13 ዲግሪ አካባቢ የማይለዋወጥ ቅዝቃዜና ጨለማ ይፈልጋል። የሐዋሳ ሳሎን ይህን አይሰጥም። ፍሪጅ አናት ላይማ በጭራሽ አያስቀምጡ፤ ሙቀቱም ንዝረቱም እዚያ ነው። ሽማግሌ ሲላክ ይገዛሉ፣ ይደርሳል።

ታዲያ ሱቅ ውስጥ ምን ልይ?

ከዓመቱ በፊት ጠርሙሱን እይ። መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ከሆነ 2010ም ቢል አይረባም። አንገቱን በጣትህ ዳብስ። ቡሹ ሽፋኑን ወደ ላይ ገፍቶት ከሆነ ወይም ወይን ፈስሶ የደረቀ የሚያጣብቅ ነገር ካገኘህ ሙቀት አግኝቶታል። ነጩን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው፤ ወደ ቡኒ ከሄደ መልሰህ አስቀምጠው። እኔ ከየትኛውም የዓመት ዝርዝር ይልቅ ይህን አምናለሁ።

ዓመት ያልተጻፈበትስ ይናቃል?

አይናቅም። አብዛኛው ሻምፓኝ ራሱ ዓመት የለውም፤ የተለያየ ዓመት ወይን ተቀላቅሎ ነው የሚሠራው።

አንድ የቆየ ቀይ ስንከፍት ሥሩ አተላ ነበረው። ተበላሽቷል ማለት ነው?

አልተበላሸም፣ ያረጀ ቀይ ያዘቅጣል። ከመክፈትህ በፊት አንድ ቀን አቁመህ አሳድረው፣ ከዚያ ቀስ ብለህ ቅዳ። አተላው አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁም። በነገራችን ላይ፣ በእኛ ሙቀት ቀዩንም ቢሆን ከመክፈትህ በፊት ግማሽ ሰዓት ፍሪጅ ብታስገባው ማንም አይቆጣህም።