ግድግዳውንም ሸራውንም ለያዘችው እህታችን

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ሐዋሳ ውስጥ ካፌና መዋዕለ ሕፃናት ግድግዳ ላይ ሥዕል እየሠራሽ ትተዳደሪያለሽ። ጎን ለጎን ለመጀመሪያ ኤግዚቢሽንሽ ሸራ ታዘጋጂያለሽ። አስተማሪሽ ደግሞ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤ ግራፊቲው ስምሽን ያረክሰዋል» ብሎሻል። ልተወው ወይ ነው ጥያቄሽ። እኔም እዚሁ ከተማ ሁለቱንም ይዤ ዓመታት ስለቆጠርኩ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልሽ።

አትተዪው። አስተማሪሽን አክብሪ፣ ምክሩን ግን ግማሹን ብቻ ውሰጂ። ሁለቱን መያዝ ይቻላል፤ የማይቻለው በአንድ ሳምንት ውስጥ መያዝ ነው። ቀን መወጣጫ ላይ ውለሽ ማታ ሸራ ፊት ብትቆሚ፣ ሸራው ላይ የሚወጣው የግድግዳው ትርፍራፊ ነው።

እኔ ዓመቱን ለሁለት ከፍዬዋለሁ። ሰማዩም ያግዘኛል። ሐዋሳ ላይ ዝናቡ ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም አካባቢ እየመጣ እየሄደ ይቆያል። ያ የሸራ ጊዜ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት ደረቅ ነው፤ ያን ጊዜ ግድግዳ እይዛለሁ። በእርግጥ ካፌዎቹ ለአዲስ ዓመትና ለፍቼ ጫምባላላ ይቸኩላሉ። ይቸኩሉ። እርጥብ ግድግዳ ላይ የተሠራ ሥዕል ቶሎ ሲላጥ የሚጠፋው ያንቺ ስም ነው፤ አስተማሪሽ የፈራው ነገር ቢመጣ የሚመጣው በዚህ በኩል ነው።

ግድግዳው መድረቁን በእጅ ዳብሰሽ አታውቂም። አዲስ ልስን ከሆነ ቢያንስ አንድ ወር ጠብቂ። ከዚያ ማታ ላይ አንድ ፌስታል ቀደሽ አራቱንም ጎን በፕላስተር ግድግዳው ላይ ለጥፊ። ጠዋት ገልጠሽ እዪ። ከውስጥ ውሃ ካዘለ ገና ነው። ከታች በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ካየሽ ደግሞ ጨው ነው፣ እርጥበቱ ከመሬት እየተሳበ ማለት ነው። እሱ ሳይፈታ ቀለም መቀባት ገንዘብ መጣል ነው። ሐይቁ አካባቢ ያሉ ቤቶች ላይ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

ስፕሬይ ውድ ነው፣ ነፋስም ይወስደዋል። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ በሮለርና በውሃ በሚቀጥን የግድግዳ ቀለም ሙዪው። ስፕሬዩን ለጠርዝና ለጥላ ብቻ አስቀሪው፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ነፋስ ሳይነሳ በጠዋት ጨርሺ። ቀይና ደማቅ ቢጫ ፀሐይ በሚመታው ግድግዳ ላይ ቶሎ እንደሚገረጣም ለባለቤቱ ቀድመሽ ንገሪው።

አሁን ወደ እጅሽ ልምጣ፤ ዋናው ፈተና እሱ ነው። ግድግዳ ላይ መስመር የሚወጣው ከትከሻ ነው። ሸራ ላይ ከእጅ አንጓ ነው። ከግድግዳ ስመለስ ወዲያው ቀለም አልነካም። ርካሽ ወረቀትና ከሰል ይዤ አሞራ ገደል እወርዳለሁ። ዓሣ የሚያርዱትን ልጆች እጅ እስላለሁ። ቢላው ከቆዳው ስር እንዴት እንደሚገባ፣ አውራ ጣቱ የት ላይ እንደሚጫን፣ አባ ኮዳዎቹ ፍርፋሪ ሲጠብቁ አንገታቸውን እንዴት እንደሚሰብሩ። እጄ አንድ ሳምንት ያህል ያምፃል፣ ከዚያ ይገራል። ያን ጊዜ ነው ሸራ የምወጥረው።

የግድግዳውን ሥዕል አሳንሰሽ ሸራ ላይ ከመድገም ተጠበቂ። ገዢም ጋለሪም ወዲያው ያውቅብሻል። ከግድግዳው የሚወሰደው ድፍረቱ ነው፣ በላዩ ላይ ደጋግሞ መደረቡ፣ የተቀደደ ማስታወቂያ ስር የሚታየው አሮጌ ቀለም። ስፕሬይ ሸራ ላይ መጠቀም ካማረሽም በወፍራሙ አትጫኚው። ሸራው ሲወጠርና ሲረግብ ቀለሙ ይሰነጠቃል። እኔ ለዚህ ኮምፔርሳቶ እጠቀማለሁ፤ አይለጠጥም።

«ግራፊቲ የሠራ ሠዓሊ አይባልም» የሚሉሽን ብዙ አትስሚ። አሜሪካዊው ሠዓሊ ዣን ሚሼል ባስኪያ በ1970ዎቹ መጨረሻ (የውጭዎቹን ዓመታት ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ከጓደኛው ጋር ኒውዮርክ ግድግዳዎች ላይ «ሳሞ» በሚል ስም ይጽፍ ነበር። ወደ ሸራ ሲገባ ግን «ሳሞ ሞቷል» ብሎ ግድግዳውን ዘጋው። በ1982 የሠራው አንድ ሸራ በ2017 ከ110 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። ሌላው የኒውዮርክ ሠዓሊ ኪዝ ሄሪንግ በሌላ መንገድ ሄደ። የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ማስታወቂያ ባልተለጠፈባቸው ጥቁር ወረቀቶች ላይ በነጭ ጠመኔ ይስል ነበር፣ በዚያው ዘመን ጋለሪ ውስጥም ያሳይ ነበር። የምድር ውስጥ ባቡሩን የተወው ሰዎች ሥዕሉን እየገነጠሉ መሸጥ ሲጀምሩ ነው። እኔን የሚመቸኝ የሄሪንግ መንገድ ነው፤ አንቺ የባስኪያን ብትመርጪም ማንም አይፈርድብሽም።

የእኛ አገር ልዩነት ፈቃዱ ላይ ነው። ያለ ፈቃድ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ነገር እዚህ ቶሎ ፖለቲካ ይሆናል። ሌሊት ወጥቶ መጻፍ ይቅርብሽ። የባለቤቱን ደብዳቤ ያዢ፣ ግድግዳው መንገድ የሚያይ ከሆነ ቀበሌም ጠይቂ፣ ደብዳቤውን ስትሠሪ ኪስሽ ውስጥ አድርጊው።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ግድግዳ በካሬ ይሰላል፣ ሸራ በካሬ አይሰላም። ሁለቱን ዋጋ በአንድ አፍ አትጥሪ። ግማሹን ቀብድ ሳትቀበዪ ብሩሽ አታንሺ። ቀለም የሚገዛው ማን ነው? መወጣጫ የሚያመጣው ማን ነው? ስምሽ ጥግ ላይ ይጻፋል ወይ? ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፉት። አንድ ደንበኛ ሥራው ካለቀ በኋላ መሀሉ ላይ የምግብ ዝርዝር ጻፍልኝ ብሎኝ ያውቃል። ወረቀቱን አሳየሁት፣ ተወው።

ግድግዳ ሟች መሆኑንም ልመጂው። ኒውዮርክ ውስጥ ፋይቭ ፖይንትዝ የሚባል በግራፊቲ የተሞላ ሕንፃ ነበር። በ2013 ባለቤቱ በአንድ ሌሊት ነጭ ቀለም አስቀባው። በ2018 ፍርድ ቤት ለ21 ሠዓሊዎች 6.75 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈል ወሰነ። እኛም ዘንድ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፣ ሥራሽ በስምሽ እንዲታወቅ መብት ይሰጥሻል። ነገር ግን ካፌው ባለቤት ሲቀይር በዚያ ሕግ ግድግዳሽን አድናለሁ ብለሽ አትተኚ። ሥራው በተጠናቀቀ ዕለት፣ ጠዋት ብርሃኑ ለስላሳ ሳለ፣ በደንብ ፎቶ አንሺው። ለጋለሪ የምታሳዪው ያንን ነው።

ስለ ጤና አጭር ነገር ልበል። የኮሮና ማስክ የስፕሬይ ሽታ አያስቀርም። የቀለም ጋዝ የሚያስቀር ፊልተር ያለው ማስክ ግዢ፣ ከቀለሙ በፊት ግዢው። በምትተኚበት ክፍል ውስጥ ደግሞ ፈጽሞ አትርጪ።

ኤግዚቢሽኑን በተመለከተ፣ ከመክፈቻው በፊት ያሉትን ሁለት ወራት ባዶ አድርጊ። በእነዚያ ወራት ሥራ ያዘዘሽ የካፌ ባለቤት ካለ «ከዚያ በኋላ እሠራለሁ» በዪው። እምቢ ካለ ቀብዱን መልሺለት፤ ሌላ ካፌ አይጠፋም።