ጌም አውጪዎች ማሽን የሚመርጡት በምንድን ነው? አባ ዲስክን ጠይቁ

አባ ዲስክ፦ ሰላም ጀማው። ዛሬ ድሬዳዋ ሳቢያን ከጠዋት ጀምሮ መብራት የለም። ጌም ቤቱን ዘግቼ ቁጭ ብያለሁ። 14 ዓመት ሙሉ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ይሄ ጌም በኔ ማሽን ለምን አልወጣም?» በሉ ዛሬ የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ማሽን ስል የሶኒን ፕሌይስቴሽን (ፒኤስ)፣ የማይክሮሶፍትን ኤክስቦክስ፣ የኔንቴንዶን ስዊች የመሳሰሉትን ኮንሶሎች ነው። ዓመት የምጠራው በፈረንጅ ነው። የማሽን ዋጋ ግን አትጠይቁኝ፤ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ተከራከሩ።

ደቻቱ፦ ከሥሩ ጀምርልን እስቲ። ኩባንያዎቹ በምን ይወስናሉ? ጉልበት ያለውን ማሽን ነው የሚመርጡት?

አባ ዲስክ፦ ጉልበት መጨረሻ ላይ ነው የሚታየው። የአወዳይ ጫት ነጋዴን አስበው። መኪናውን የሚልከው መንገዱ ወዳማረበት ሳይሆን ገዥ ወዳለበት ነው። ጌም አውጪም እንደዛው። ማሽኑ ስንት ሰው ቤት ገብቷል? ከነሱ ውስጥ የኔን ዓይነት ጌም የሚገዛው ስንቱ ነው? ጌሙን ወደዛ ማሽን ለማዛወር ስንት ያስወጣኛል? ማዛወር ማለት ደግሞ ኮፒ ፔስት አይደለም። ፕሮግራመር ወራት ይቀመጥበታል። ይፈተሻል። ከዛ ሶኒ ወይ ማይክሮሶፍት ወይ ኔንቴንዶ አይቶ ካላሳለፈው አይሸጥም። ኦንላይን ከተሸጠው ላይ ባለማሽኑ በተለምዶ 30 በመቶ ይቆርጣል። ይሄ ሁሉ ተቀንሶ የሚተርፍ ከሌለ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢሮጥ ዞር ብለው አያዩትም።

ዘጠኝ ቁጥር፦ ጂቲኤ 6 በኮምፒውተር መቼ ነው የሚወጣው?

አባ ዲስክ፦ የታወጀው ለፒኤስ 5 እና ለኤክስቦክስ ሲሪስ ነው። ጂቲኤ 5ም በ2013 በኮንሶል ወጥቶ ኮምፒውተር ላይ የደረሰው በ2015 ነው። ያንኑ ጌም በፒኤስ 3፣ በፒኤስ 4፣ በፒኤስ 5 ሦስቴ ሸጠውታል። ሦስቴ የገዛው ሰውዬም አለ። ለምን ይቸኩላሉ?

የከዚራ ጥላ፦ እኔ ባለፈው ሳምንት ለፒኤስ 2 ፊፋ 25 ገዝቻለሁ። አንተ ደግሞ ሁሌ ለፒኤስ 2 አዲስ ፊፋ የለም ትላለህ። ታዲያ እጄ ላይ ያለው ምንድን ነው?

አባ ዲስክ፦ መጣህልኝ! ስሙኝ፣ ለመቶኛ ጊዜ ነው። ከ14 በኋላ ለፒኤስ 2 የወጣ ፊፋ የለም። የያዝከው የድሮ ጌም ነው። አንድ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ከፍቶት ማልያና ስም ቀይሮበታል፤ ሽፋኑን ፕሪንት አድርጎ ሸጠልህ።

ግን የፒኤስ 2 ነገር ራሱ ትልቅ ትምህርት ነው። ማሽኑ የወጣው በ2000 ነው። ከ150 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። ፒኤስ 3 በ2006 መጣ፤ የፒኤስ 2 ፊፋ ግን በየዓመቱ ቀጠለ። መጨረሻው ፊፋ 14 ነው፣ በ2013። የሚገርመው ያው ፊፋ 14 በዚያው ዓመት ለፒኤስ 4ም ወጥቷል! አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ሰርግ ማለት ነው። ለምን? ሞተሩ፣ ማለትም ጌሙን የሚያንቀሳቅሰው ፕሮግራም፣ ድሮ ተሠርቶ አልቋል። የተጫዋች ዝርዝርና ማልያ ቀይረህ ታወጣዋለህ። ወጪው ትንሽ፣ ማሽኑ ያለው ሰው ብዙ። የኮናሚው የኳስ ጌም ፔስ 2014ም እንዲሁ ነው፤ ፒኤስ 3 ላይ አዲሱን ፎክስ ሞተር አስገቡለት፣ ፒኤስ 2 ላይ አሮጌውን ተዉት። ስሙ አንድ፣ ጌሙ ሁለት።

አሁን ዲስኩን ክተትና መጀመሪያ የሚወጣውን ጽሑፍ አንብበህ ንገረኝ።

የከዚራ ጥላ፦ እኛም ጋ መብራት የለም አቦ።

ጀጎል 5፦ ፔስ ካነሳችሁ አይቀር፣ ፒኤስ 2 ላይ ፔስ ፊፋን ይበላዋል። ሐረር ውስጥ ፊፋ የሚጫወት ሰው አይገኝም።

ባቡር ጣቢያ፦ ሐረር ውስጥ የሚጫወት ሰው አይገኝም ብትል ይቀል ነበር። ባለፈው መጥታችሁ 5 ለ0 ተበልታችሁ አይደል የሄዳችሁት?

ጀጎል 5፦ ጆይስቲኩ ስለላበ ነው! የናንተ ሙቀት ማሽኑንም ሰውንም ያቀልጣል። እኛ ጋ ፒኤስ 3 ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ እናንተ ሁለት ፋን ደቅናችሁበት እንኳን ከሰዓት ይጠፋል።

ባቡር ጣቢያ፦ ታዲያ በልግ ላይ ፋኑን ልላክልህ፣ ብርድ ስለለመድክ?

አባ ዲስክ፦ ወደ ጥያቄው ተመለሱ። ሁለት ፋን የተባለው የኔ ቤት ነው፣ ሰምቻለሁ።

ሸዋ በር፦ ስለ ጌም ኢንዱስትሪ ትንሽ ንገረን።

አባ ዲስክ፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም።

የልጅ እናት፦ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ፒኤስ 3 አለው። ለልደቱ አዲሱን ኢኤ ስፖርትስ ኤፍሲ ልገዛለት ነበር። ይሠራለታል?

አባ ዲስክ፦ እንኳን ጠየቁኝ እሜቴ። እንዳይገዙት፣ አይሠራለትም። ኤፍሲ የሚባለው የፊፋ ጌም አዲሱ ስሙ ነው፤ ለፒኤስ 3 የመጨረሻው ፊፋ 19 ነው። እሱም ቢሆን ውስጡ ብዙም አልታደሰም፤ ከሽፋኑና ከዝርዝሩ በቀር ከ18ቱ የሚለይ ነገር አያገኙም። ስዊች ላይም ከ20 እስከ 23 ያሉት እንደዛ ነበሩ። የማሽኑ ስም ሽፋኑ ላይ ከላይ ተጽፏል። እሱን ሳያነቡ ብር እንዳይሰጡ። ሻጩ «ይሠራል» ቢልዎት እዚያው ከፍቶ ያሳይዎት።

ደቻቱ፦ ከፍለው ሌላው ማሽን ላይ እንዳይወጣ ያደርጋሉ የሚባለውስ?

አባ ዲስክ፦ እውነት ነው፣ ግን ሁሌ ክፋት አይደለም። ስትሪት ፋይተር 5ን ሲሠሩ ሶኒ አግዟል፤ በ2016 ለፒኤስ 4ና ለኮምፒውተር ወጣ፣ ኤክስቦክስ ላይ አልደረሰም። ባዮኔታ 2ን ደግሞ ኔንቴንዶ ገንዘብ ባያወጣበት ጭራሽ አይሠራም ነበር። የመጀመሪያውን በፒኤስ 3 የተጫወቱት ልጆች በኔንቴንዶ ሲናደዱ እስቃለሁ። ድግሱን የደገሰ ነው የሚጠራው።

ባቡር ጣቢያ፦ ማይክሮሶፍት ግን የራሱን ጌም ለሶኒ እየሰጠ ነው እኮ።

አባ ዲስክ፦ አዎ። ፎርዛ ሆራይዘን 5 በ2025 ፒኤስ 5 ላይ ወጥቷል። ገዥው እዚያ ነዋ። ጫቱን አስታውስ።

ጀጎል 5፦ ማሽኑ ደካማ ስለሆነ የቀረ ጌም የለም ልትለን ነው?

አባ ዲስክ፦ አላልኩም። ባልደርስ ጌት 3 በ2023 ኤክስቦክስ ላይ የዘገየው ትንሹ ሲሪስ ኤስ ሁለት ሰው በአንድ ቲቪ ሲጫወት ለሁለት የሚከፈለውን ስክሪን መሸከም አቅቶት ነው። ማይክሮሶፍት ትልቁ ሲሪስ ኤክስና ትንሹ እኩል ይሁኑ ይል ነበር። በመጨረሻ ትንሹ ላይ ያቺ ነገር ትቅር ተባለና ወጣ።

ከሁሉ የምወደው ታሪክ ግን የዲስኩ ነው። ፋይናል ፋንታሲ እስከ ስድስተኛው ድረስ የኔንቴንዶ ቤተሰብ ነበር። ሰባተኛው በ1997 ፕሌይስቴሽን ላይ ወጣ። ምክንያቱ ካሴት ነው! ኔንቴንዶ 64 የሚባለው ማሽን ካሴት ይዞ ቀረ። ትልቁ ካሴት 64 ሜጋባይት ነበር፤ ሲዲ ደግሞ 650 ገደማ ይይዛል፣ ፋይናል ፋንታሲ 7 ሦስት ሲዲ ፈጅቷል። ካሴት ማስመረት ውድ ነው። ብዙ አስመርተህ ካልተሸጠልህ ኪሳራው ያንተው ነው። ሲዲ ግን በርካሽ ይታተማል፣ ሲያልቅ ይደገማል። እኔ በጥርስ ሳሙና የማሸው ዲስክ፣ የድሬ አቧራ የጫረው፣ ያ ርካሽ ነገር ነው ያን ትልቅ ጌም ከቤቱ ያስኮበለለው።

ዘጠኝ ቁጥር፦ እኛስ? ለምን ለኢትዮጵያ አያስቡም?

አባ ዲስክ፦ ፕሌይስቴሽን አካውንት ስትከፍት አገር ምረጥ ይልሃል። ኢትዮጵያ የለችም። ሁላችሁም አካውንታችሁ ላይ የአሜሪካ ነዋሪ ናችሁ። እኔ ራሴ ባለፉት 14 ዓመታት ኦርጅናል ዲስክ የገዛሁት ሦስቴ ነው። ታዲያ ማን ይቆጥረን?

ሸዋ በር፦ ፊፋ 25 ለፒኤስ 2 የት ይገኛል?

አባ ዲስክ፦ ወደ ላይ ወጥተህ አንብብ።

ሸዋ በር፦ 26ቱስ?

አባ ዲስክ፦ ...

የከዚራ ጥላ፦ መብራት መጣ። ከፈትኩት።

አባ ዲስክ፦ እና?

የከዚራ ጥላ፦ ሽፋኑ ፊፋ 25 ይላል። ሲከፈት የኮናሚ ምልክት መጣ።

ጀጎል 5፦ ፔስ ነው! አላልኳችሁም?!

አባ ዲስክ፦ ስንት ሰጠህ?

የከዚራ ጥላ፦ አልናገርም።