ሪሌይ ሲጨመርበት የሚዛባ ሰዓት ቆጣሪ

ጥያቄ፦ በ555 አይሲ (ጊዜ በሚቆጥር ቺፕ)፣ ቁልፉ አንዴ ሲነካ ለ52 ሰከንድ ያህል የሚሠራ ሰዓት ቆጣሪ ሠርቻለሁ። ጊዜውን የሚወስኑት 470 ኪሎ ኦም ሬዚስተርና 100 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ናቸው። በመውጫው ላይ ኤልኢዲ ብቻ ሳገናኝ ያለ እንከን ይሠራል። የ12 ቮልት ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) በቀጥታ ከአይሲው መውጫ፣ ከ3ኛው እግር ጋር ሳገናኝ ግን አንዳንዴ በ40፣ አንዳንዴ በ50 ሰከንድ ይለቃል፤ ከለቀቀም በኋላ ቁልፉን ሳልነካው መልሶ ይይዛል። ሪሌዩ የሚያበራው ነገር ገና አላገናኘሁም። 12 ቮልት የተጻፈበት አዳፕተር ብቻውን ሲለካ 16.5 ቮልት፣ ሪሌዩ ሲይዝ 13.8 ቮልት ያሳያል። አይሲውን ብቀይረውም ለውጥ አላየሁም።

መልስ፦ አይሲውን ደግመው አይቀይሩ፤ በኤልኢዲ በትክክል መሥራቱ የቆጣሪው ክፍል ጤነኛ መሆኑን ያሳያል። ችግሩ ያለው በኃይል አቅርቦቱና በሪሌዩ አያያዝ ላይ ነው። ለዚህም ትልቁ ማስረጃ ስሕተቱ በየጊዜው መለያየቱ ነው። ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ከተጻፈበት መጠን እስከ 20 በመቶ ሊርቅ ይችላል፤ ነገር ግን ጥፋቱ የእሱ ቢሆን ኖሮ ጊዜው ሁልጊዜ በተመሳሳይ መጠን ይዛባ ነበር።

555 ቆጠራውን የሚያቆመው ካፓሲተሩ ከአቅርቦቱ ቮልቴጅ ሁለት ሦስተኛ ላይ ሲደርስ ነው። በ13.8 ቮልት ይህ ገደብ 9.2 ቮልት ይሆናል። በ40ኛው ሰከንድ ካፓሲተሩ 7.9 ቮልት ገደማ ላይ ይገኛል፤ በዚያች ቅጽበት አቅርቦቱ ለአፍታ ከ11.9 ቮልት በታች ከወረደ ገደቡም አብሮ ስለሚወርድ ቆጠራው ያለ ጊዜው ያበቃል። መልቲሜትር የሚያሳየው አማካዩን በመሆኑ እንዲህ ያለውን ቅጽበታዊ መውደቅ አያሳይዎትም። ያለ ጭነት የሚታየው 16.5 ቮልትም ሬጉሌተር (ቮልቴጅን የሚያረጋጋ ክፍል) የሌለው አዳፕተር ምልክት ከመሆኑ ሌላ፣ ለመደበኛው 555 ከሚመከረው የ16 ቮልት ጣሪያ ያልፋል።

ከመበየድዎ በፊት ስምንት ባለ 1.5 ቮልት ደረቅ ባትሪዎችን በተከታታይ አገናኝተው ሰርኪዩቱን በእነርሱ ያስነሱት። የጊዜው መዛባት ከጠፋ ጥፋተኛው አዳፕተሩ ነው። መልሶ መያዙ ከቀጠለ ደግሞ ምክንያቱ የሪሌዩ ጥቅል (በውስጡ ያለው የሽቦ ጥምጥም) ነው፤ ጥቅሉ ሲለቀቅ ተቃራኒ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ 3ኛውን እግር ከኔጌቲቭ በታች ይጎትተዋል፣ የአይሲውንም የውስጥ ሥራ ያውካል።

ባለ 12 ቮልቱን 7812 ሬጉሌተር እንዲያስገቡ አልመክርም፤ በትክክል ለመሥራት 14.5 ቮልት ያህል መግቢያ ስለሚፈልግ 13.8 አይበቃውም። የተሻለው አይሲውን በ7809 አማካይነት በ9 ቮልት ማሠራት፣ ሪሌዩን ደግሞ በቀጥታ ከአዳፕተሩ መመገብ ነው። ለዚህ 3ኛው እግር በ4.7 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በኩል የ2ኤን2222 ትራንዚስተርን ቤዝ ይንዳ፤ ኤሚተሩ ከኔጌቲቭ፣ ኮሌክተሩ ከጥቅሉ አንድ ጫፍ ጋር ይገናኝ። የጥቅሉ ሌላ ጫፍ ወደ አዳፕተሩ ፖዘቲቭ ይሄዳል። በጥቅሉ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ ባለ ቀለበት ጫፉን ወደ ፖዘቲቭ አዙረው ይበይዱ፤ ከተገለበጠ ትራንዚስተሩ ፍሰት ማሳለፍ ሲጀምር አጭር ዙር ይፈጠራል።

ብዙ ሰዎች የሚዘሉት ሌላው ነገር በ1ኛውና በ8ኛው እግር መካከል የሚገባው 0.1 ማይክሮፋራድ ሴራሚክ ካፓሲተር ነው። መደበኛው 555 መውጫውን በሚቀይርበት ቅጽበት ራሱ ከአቅርቦቱ ኃይለኛ ፍሰት ስለሚስብ፣ ካፓሲተሩ ከእግሮቹ ጥግ ካልተቀመጠ ጥቅሙ ይቀንሳል። ከጎኑ 100 ማይክሮፋራድ ኤሌክትሮላይቲክ፣ በ5ኛው እግርና በኔጌቲቭ መካከል ደግሞ 10 ናኖፋራድ ይጨምሩ። 4ኛው እግር ከፖዘቲቭ ጋር መታሰሩን፣ 2ኛውም በ10 ኪሎ ኦም ወደ ፖዘቲቭ መሳቡን ያረጋግጡ። በመጨረሻም የሪሌዩ ኔጌቲቭ ሽቦ በአይሲው ኔጌቲቭ መስመር ላይ እንዳያልፍ፣ ሁለቱን ለየብቻ እስከ አዳፕተሩ መግቢያ ድረስ ይውሰዷቸው።