ልብና ደም ስር፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ልብና ደም ስር የላካችኋቸው ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ።

ልብ አራት ክፍል ለምን አስፈለገው?
ልብ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ፓምፖች ስለሆነ ነው። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም ወደ ሳንባ ይልካል። ግራው ከሳንባ የመጣውን ለመላው ሰውነት ያዳርሳል። የላይኞቹ ክፍሎች ተቀባይ፣ የታችኞቹ ገፊ ናቸው። በሳንባ በኩል ደም በቀላሉ ስለሚያልፍ የቀኙ ግድግዳ ስስ ነው። የግራው ሦስት እጥፍ ገደማ ይወፍራል። የሚገፉት የደም መጠን ግን እኩል ነው፤ በእረፍት ጊዜ በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር አካባቢ።

"ዱብ ዱብ" የሚለው ጡንቻው ነው?
አይደለም። ቫልቮቹ፣ ማለትም ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግዱት የልብ በሮች፣ ሲዘጉ የሚሰማ ድምፅ ነው።

ልብ መቼ ነው የሚያርፈው?
ይቺን ጥያቄ ወድጃታለሁ። "ልብ አያርፍም" ሲባል ብትሰሙም በየምቱ መሃል ያርፋል። በደቂቃ 75 ጊዜ ሲመታ አንዱ ዙር 0.8 ሰከንድ ይፈጃል። የታችኞቹ ክፍሎች የሚኮማተሩት 0.3 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ላላ ብለው ደም ይሞላሉ።

እረፍቱ ሌላም ጥቅም አለው። ልብ ውስጡ በደም ቢሞላም ወፍራም ግድግዳው የሚመገበው ከዚያ አይደለም። ከአኦርታ (ከግራው የልብ ክፍል ከሚወጣው ትልቁ ደም ስር) መነሻ የሚወጡ የራሱ ደም ስሮች አሉት። የግራው ጡንቻ ሲኮማተር እነዚህን ጨምቆ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ አብዛኛውን ደም የሚያገኘው ሲላላ ነው። ምቱ በጣም ሲፈጥን ደግሞ ይበልጥ የሚያጥረው ይኸው የእረፍት ጊዜ ነው። ሥራው ሲበዛበት መመገቢያ ሰዓቱ ይቀንሳል ማለት ነው። ደም ስሮቹ የጠበቡበት ሰው ደረጃ ሲወጣ ደረቱን የሚጨንቀው አንድም በዚህ ነው።

ደም ቅዳ ሁሉ ኦክስጅን የበዛበት ደም ነው የሚይዘው?
የለም። ደም ቅዳ የሚባለው ከልብ የሚወጣው፣ ደም መልስ ደግሞ ወደ ልብ የሚመለሰው ነው። ወደ ሳንባ የሚሄደው ደም ቅዳ ኦክስጅኑ ያነሰ ደም ይይዛል።

ክንዴ ላይ የሚታየኝ ደም ለምን ሰማያዊ ሆነ?
ደሙ ጠቆር ያለ ቀይ ነው። ሰማያዊ የሚያስመስለው ብርሃን በቆዳ ውስጥ የሚያልፍበት መንገድ ነው።

ብዙ ሰዓት ስቀመጥ እግሬ ያብጣል። ምን ይሻለኛል?
ከእግር ደም ወደ ላይ እንዲመለስ የባት ጡንቻ ይጨምቀዋል፤ በደም መልስ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ደግሞ ወደ ኋላ እንዳይፈስ ይዘጉበታል። ካልተንቀሳቀሽ ጡንቻው ሥራ ይፈታል፣ ፈሳሽም ይጠራቀማል። በየመሃሉ ተነሺና ተራመጂ። ግን አንዱ እግርሽ ብቻ በድንገት ካበጠና ካመመሽ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል አትጠብቂ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።