ባንኩ፣ የአጥቢያው ጸሐፊነትና ቅስናው፦ ከሞጣ ለጻፈልኝ ተመራቂ

ሰላም ወንድምዓለም፣ መልእክትህን ደጋግሜ አነበብኩት። የዘገየሁት ቶሎ ተብሎ የሚመለስ ጥያቄ ስላልሆነ ነው እንጂ ረስቼህ አይደለም። ለሌሎቻችሁም እንዲገባችሁ ነገሩን ባጭሩ ላስቀምጠው። ልጁ ያደገው ሞጣ አካባቢ ነው፣ በልጅነቱ ቆሎ ተማሪ ነበር፣ ዳዊት ከደገመ በኋላ ዲቁና ተቀበለ፣ ቅኔ ቤት ገብቶ ሥላሴ የሚባለው የቅኔ ዓይነት ላይ ሲደርስ አቋርጦ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ዞረ፣ ዘንድሮ በአካውንቲንግ ተመረቀ፣ ኤግዚት ኤግዛሙንም አልፏል። አሁን ሦስት ነገር ባንዴ መጣበት። አንድ ባንክ ለፈተና ጠርቶታል። የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ደሞ ጸሐፊ ሁንና ሒሳቡንም አግዘን ብሎታል። አባቱና የነፍስ አባቱ በበኩላቸው «አግባና ቅስና ተቀበል፣ አጥቢያው ካህን አንሶታል» እያሉት ነው። እጮኛ አለችው። የሚጠይቀኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ «እግዚአብሔር ጠርቶኝ ከሆነ ባንክ መግባቴ መሸሽ አይሆንም ወይ? ጥሪ እንዳለኝስ በምን አውቃለሁ?»

አንተ ሦስቱን እንደ ሦስት የሥራ ማስታወቂያ ጎን ለጎን ደርድረህ ነው የጻፍክልኝ፣ እነሱ ግን አንድ ዓይነት ነገር አይደሉም፣ የጨነቀህም ለዚህ ይመስለኛል። ባንክ ቅጥር ነው፣ ካልተስማማህ ማስጠንቀቂያ ሰጥተህ ትለቃለህ። ጸሐፊነት ኃላፊነት ነው፣ ጊዜህ ሲያልቅ አስረክበህ ትወርዳለህ። ቅስና ግን ሞክሬው ልይ የሚባል ነገር አይደለም። ይሄን ካንተ በላይ አላውቀውም፣ አንተ ዲያቆን ነህ፣ ግን ሰው ሲቸኩል የሚያውቀውንም ይረሳል። ክህነት ዲቁና፣ ቅስናና ጵጵስና ነው፣ በአንብሮተ እድ፣ ማለትም እጅ በመጫን፣ የሚሰጥ ነው። መሪጌታ፣ ቀኝ ጌታ፣ ግራ ጌታ፣ ሊቀ ጠበብት፣ አለቃ የምንላቸው ደሞ የሙያና የሹመት ስሞች ናቸው፣ ሰው በእውቀቱና በአገልግሎቱ ያገኛቸዋል፣ ከወንበሩም ሊነሳ ይችላል። ቅስና የሌለው መሪጌታ በየደብሩ ሞልቷል፣ ማኅሌቱን ግን እሱ ነው የሚመራው። ስለዚ «ቤተ ክርስቲያንን ላገልግል» እና «ቄስ ልሁን» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው፣ አንተ መልእክትህ ውስጥ አንድ አድርገሃቸዋል።

እዚሁ ጎጃማችን ውስጥ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የሚባሉ የቅኔ መምህር ነበሩ። ዓይነ ሥውር ናቸው፣ ቅኔውን ከአባታቸው ተማሩ፣ ከዛ ራሳቸው ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ተማሪዎች አስተማሩ። ሴት ናቸውና ክህነት የላቸውም። ግን በሳቸው እግር ሥር ቁጭ ብሎ ቅኔ የቆጠረ፣ ማለትም ቅኔ መድረስ የተማረ፣ ሰው መሪዬ አልነበሩም ሊል ይችላል? እኔ አይመስለኝም። ይሄን የምነግርህ ቅስናን ለማሳነስ አይደለም፣ እግዚአብሔር ያውቃል፣ ካህን ባይኖር ማን ቀድሶ ማን ያቆርበን ነበር። የምልህ፣ ቅስናው ባይሆን እንኳ ከቤቱ ውጪ ትቀራለህ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ጥሪን በምን አውቃለሁ ወዳልከው። የሳሙኤልን ታሪክ ካንተ ጋር ላስታውሰው። ልጁ በሌሊት ድምፅ ሲሰማ የሮጠው ወደ ካህኑ ወደ ዔሊ ነው፣ ዔሊ ደሞ አልጠራሁህም ተመልሰህ ተኛ አለው፣ አሁንም መጣ፣ አሁንም ተኛ አለው፣ በሦስተኛው ነው ሽማግሌው ነገሩ ከእግዚአብሔር መሆኑ የገባው። ልብ በል፣ ልጁ ለብቻው አላወቀውም፣ ድምፁን ለይቶ የነገረው ሌላ ሰው ነው፣ እሱም ባንድ ጊዜ አይደለም። አንተም ዔሊ ያስፈልግሃል፣ ግን ሰውየው ያንተን ቅስና የሚፈልግበት የራሱ ምክንያት ባይኖረው ይመረጣል። አባትህ ልጃቸው ካህን ሆኖ ማየት ይፈልጋሉ፣ ይሄ ደስ የሚል ምኞት ነው። የነፍስ አባትህ ደሞ ቅዳሴ ታጉሎ እንዳይቀር ነው የሚጨነቁት፣ እውነታቸውን ነው፣ ባገራችን ገጠር ይሄ የምር ችግር ነው። የአጥቢያ መቸገር ትልቅ ምልክት ነው፣ እሱን አልክድም፣ ግን ብቻውን አይበቃም። ቅኔ ያስተማሩህ መምህር በሕይወት ካሉ እሳቸው ጋ ሂድ። አንተን ከመጀመሪያዋ ቅኔ ከጉባኤ ቃና ጀምሮ ነው የሚያውቁህ፣ ማታ ማታ የቆጠርከውን ስትነግራቸው ያረሙህ፣ ስትራብ ሲበርድህ ስትቆጣ ያዩህ ሰው ናቸው። ያቋረጥክበትን ምክንያትም ምናልባት ካንተ በተሻለ ያውቁታል።

ደሞ ቅኔ ቤት ራሱ የሚያስተምርህ ነገር አለ። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት (ስንኝ) ናት፣ የመጨረሻው መወድስ ስምንት ቤት ነው። በሁለቱ ቤት ሳይፈተን ማንም ስምንቱን ቁጠር አይባልም፣ ዘአምላኪየ አለ፣ ሚበዝኁ አለ፣ ዋዜማ አለ፣ ሥላሴ አለ፣ በተርታው ነው የሚኬደው። ከተማሪዎቹ መሀል በሳል የሆነው ደሞ አስነጋሪ ተደርጎ የታናናሾቹን ቅኔ እየሰማ እንዲያርም ይደረጋል፣ መምህርነቱ እዛው ተማሪ እያለ ነው የሚታየው። እኔ እንደ ሙያ አማካሪ ስንት የሊደርሺፕ ሥልጠና አይቻለሁ፣ በዚህ ልክ ሰውን ቀስ በቀስ የሚፈትን ግን አላየሁም። ራስህን ጠይቅ እስቲ፣ አስነጋሪ ሆነህ ታውቃለህ? ታናሽህ ሲሳሳት ታግሰህ ታርመው ነበር ወይስ ታሸማቅቀው ነበር? ዩኒቨርሲቲ የኦርቶዶክስ ተማሪዎች ጊቢ ጉባኤ ላይ ያለ ማንም ትእዛዝ ምን ሥራ ነበር እጅህ የሚሄደው? ሰውስ ሲቸግረው ለምን ጉዳይ ነበር አንተን የሚፈልግህ? ጥሪ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፣ ሳትሾም በምትሠራው ሥራ።

መሸሽ አይሆንም ወይ ላልከው ደሞ የአባ ሰላማን ታሪክ ላንሳልህ። አባ ሰላማ የተባለው ፍሬምናጦስ ከወንድሙ ከኤዴስዮስ ጋር በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አክሱም ሲገባ ጳጳስ ሆኖ አይደለም የገባው። ቤተ መንግሥት ውስጥ የጽሕፈትና የሒሳብ ሥራ ነበር የተሰጠው፣ ባንተ ቋንቋ አካውንታንት በለው። ዓመታት ሠራ፣ እዛው ሆኖ ክርስቲያኖቹን እየሰበሰበ አደራጀ፣ ከዛ እስክንድርያ ድረስ ሄዶ ፓትርያርኩን አትናቴዎስን ጳጳስ ስጠን አለው እንጂ ሹመኝ አላለውም። አትናቴዎስ ነው ካንተ የተሻለ ማን አለ ብሎ ፍሬምናጦስን ራሱን ጳጳስ አድርጎ የላከው። የሒሳብ ሥራው ጥሪውን አላበላሸውም፣ እንደውም ሰውየው ታማኝነቱ የታየው እዛ ነው። ባንክ ገብተህ በሰው ገንዘብ ላይ እጅህ ንጹሕ ሆኖ መታየቱ፣ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ካሉትም መልካም ምስክርነት ይኑረው ብሎ የጻፈለትን ያህል ነው። ዲቁናህ ራሱ ከየት እንደመጣ አስታውስ፣ ሐዋርያት ሥራ 6 ላይ የመበለቶች የዕለት ምግብ አከፋፈል አድልዎ አለው ተብሎ ቅሬታ ስለተነሳ ነው ሰባቱ የተመረጡት፣ ሕዝቡ መረጠ ሐዋርያት እጃቸውን ጫኑ። እስጢፋኖስ ከሰማዕትነቱ በፊት ማዕድ እንዲያከፋፍል የተመረጠ ሰው ነበር።

አሁን ጸሐፊነቱን እንየው፣ እኔ ከሁሉም በላይ ላወራበት የምፈልገው ይሄ ነው፣ ሰው ስለሚንቀው። ጸሐፊው የሚሠራው አጥቢያውን ለሚያስተዳድረው ሰበካ ጉባኤ ነው፣ ይሄ አሠራር የተዘረጋው በ1965 ዓ.ም. በወጣው የቤተ ክርስቲያኒቱ ደንብ በቃለ ዓዋዲ ነው፣ በፓትርያርኩ በአቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ እሳቸው ደሞ የኛው የደብረ ኤልያስ ልጅ ናቸው። ካህናቱ፣ ምእመናኑና የሰንበት ተማሪዎቹ ባንድ ላይ ተቀምጠው አጥቢያቸውን እንዲያስተዳድሩ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ቤተ ክርስቲያን ስትተዳደርበት የኖረችው መሬት ሄደ። ከዛ ወዲህ መቅደሱም ካህኑም መምህሩም የሚኖረው ምእመኑ በሚያዋጣው ነው። ስለዚ የምትጽፋት እያንዳንዷ ብር የሆነች እናት ዶሮ ሸጣ ያመጣቻት ናት። እሷን ብር በትክክል መዝግቦ ለሕዝብ ማንበብ እኔ በበኩሌ መንፈሳዊ ሥራ ነው ብዬ ነው የማምነው።

ግን ተጠንቅቀህ ግባ። እኔ ዩኒቨርሲቲ እንደጨረስኩ ባንድ አጥቢያ ገንዘብ ያዥ ሆኜ ነበር፣ የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ከደስታዬ ብዛት ቁልፍ ሰጡኝ ተቀበልኩ፣ ቆጠራ የለ፣ የርክክብ ሰነድ የለ፣ ሁሉም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው ምን ያስፈልጋል ብዬ ነው። ዓመቱ ሲደርስ ሒሳቡ ሲታይ ከኔ በፊት የነበረ ጉድለት በኔ ስም ወጣ። እስኪጣራ ሰባት ወር ፈጀ። በነዛ ሰባት ወራት ለቅዳሴ ስሄድ እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ድረስ አጣፍታ ከኋላዬ ነበር የምትሄደው፣ ሰው እንዳያያት። ያ ነገር እስካሁን ያመኛል። በመጨረሻ ነጻ ወጣሁ፣ ግን ያን ቀን አንድ ገጽ ርክክብ አስጽፌ ቢሆን ኖሮ ምንም አይመጣም ነበር።

ስለዚ አንተ ከመግባትህ በፊት ሥራው ተመርጠህ በነጻ የምታገለግልበት ነው ወይስ ደመወዝ ያለው ቅጥር ነው ብለህ ጠይቅ፣ «ና አግዘን» ሁለቱንም ሊሆን ይችላል። ቅጥር ከሆነ ደብዳቤ ይሰጥህ፣ ሥራህ በዝርዝር ይጻፍ። ጸሐፊም ሒሳብ ሹምም ገንዘብ ያዥም አንተው ሁን ካሉህ አይሆንም በል፣ በጨዋነት ግን በግልጽ፣ አካውንቲንግ የተማርክ ሰው ነህ፣ የሚመዘግበውና ገንዘቡን የሚይዘው ለምን እንደሚለያይ ታውቃለህ። ሙዳየ ምጽዋት ሲከፈት ብቻህን አትቁጠር። ባንክ ያለው ሒሳብ በአንድ ሰው ፊርማ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ እሱ ይስተካከል። ይሄን ስትጠይቅ ቅር የሚላቸው ሽማግሌዎች ይኖራሉ፣ እንደ ልጃቸው ሆነህ አስረዳቸው፣ አትከራከራቸው፣ «አባቶቼ እናንተንም ነው የሚጠብቃችሁ» በላቸው።

የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ የባንኩን ፈተና ተፈተን፣ ብታልፍ ግባ፣ ቅርንጫፉ የት እንደሆነ ግን ሳትፈርም ጠይቅ፣ ሩቅ ከመደቡህ የአጥቢያው ነገር በራሱ ይወሰናል። ሞጣ ወይ አካባቢው ከሆነ ደሞ ቅዳሜና እሁድ ሰበካ ጉባኤውን በነጻ አግዝ፣ ዲቁናህንም ተራህ ሲደርስ ቀድስ፣ አትጥፋ። አንድ ዓመት እንደዚህ ኑርበት። ካህን ያነሰው አጥቢያ በዚህ ዓመት ውስጥም ዲያቆን ያስፈልገዋል፣ ያለ ዲያቆን ቅዳሴ የለምና አንተ ዝም ብለህ አልተቀመጥክም። በዓመቱ ቅስናው ከውስጥህ እየጠነከረ ከመጣ፣ መምህርህም ደግ ነው ካሉህ፣ ያኔ ከልብህ ትሄዳለህ። ደመወዝ ስላገኘህ ወይም ስላጣህ አይሆንም ማለት ነው።

የቀረኝ አንድ ነገር ነው፣ ቢከብደኝም ልጻፈው። ስለ እጮኛህ የጻፍከው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ «እጮኛ አለችኝ ገና አልተጋባንም» የምትል። ዲያቆን ካልመነኮሰ በቀር ቄስ ለመሆን ካሰበ አስቀድሞ ማግባት አለበት፣ ከቀሰሰ በኋላ ማግባት የለም፣ ሚስቱ ብትሞትበትም ሌላ አግብቶ በክህነቱ አይቀጥልም። ይሄ ሁሉ የሷም ሕይወት ነው። ቅስናው ስለተቻኮለ ብቻ ሠርጉ ወደዚህ ወደዚያ እየተጎተተ ከሆነ ልጅቷ በሰው እቅድ ውስጥ ነው ያለችው። የቄስ ሚስት መሆን ትፈልጋለች? ሌሊት ለኪዳን ጸሎት ስትወጣ፣ የሰው ኃዘን ቤትህ ሲመጣ፣ ጾሙ፣ ሥርዓቱ፣ የገጠሩ ኑሮ፣ ስለነዚህ አውርታችኋል? አባትህም የነፍስ አባትህም ሳይኖሩ ሁለታችሁ ብቻ ቁጭ ብላችሁ ጠይቃት፣ መልሷን ሳታቋርጥ ስማ። ከዛ በኋላ ጻፍልኝ፣ እሷም መጻፍ ከፈለገች ትጻፍልኝ፣ የአጥቢያው የሥራ ደብዳቤ ከመጣም ሳትፈርም ፎቶ አንስተህ በቴሌግራም ላክልኝና አብረን እናየዋለን።