በመነጽር የአሜሪካ አርሚ መኮንን መሆን ይቻላል፤ ሌዚኩ ይቆይ

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለቴ አነበብኩት። ኮሌጅ ልትጨርስ አንድ ዓመት ቀርቶሃል፤ በአሜሪካ አርሚ መኮንን ለመሆን ልታመለክት ነው። መነጽርህ ወፍራም ስለሆነ ደግሞ ተበድረህም ቢሆን ሌዚክ፣ ማለትም እይታን የሚያስተካክል የሌዘር ቀዶ ጥገና፣ ልትሠራ አስበሃል። እባክህ ገንዘቡን ከመበደርህ በፊት ይህን አንብብ።

እኔ መነጽር ማድረግ የጀመርኩት ስምንተኛ ክፍል ነው። ካወለቅኩት ፊት ለፊቴ የቆመ አውቶቡስ ቁጥሩ አይታየኝም። አርኦቲሲ፣ ማለትም ኮሌጅ እየተማሩ ለመኮንንነት የሚሠለጥኑበት ፕሮግራም፣ ልገባ ነው ስላት እናቴ «መነጽር ያደረገ ወታደር የት አይተህ ታውቃለህ?» አለችኝ። እኔም በልቤ እንደሷ ነበር የማስበው። ዛሬ ሻምበል ነኝ፤ መነጽሬም አልወለቀም።

ለመግባት የሚመዘነው በመነጽር የምታየው ነው። ሁለቱም ዓይኖችህ በየራሳቸው በመነጽር ቢያንስ 20/40 (ጤናማ ዓይን ከ40 ጫማ የሚያነበውን ከ20 ጫማ ማንበብ) መድረስ አለባቸው። አገር ቤት በሜትር ስለሚለካ 6/12 የሚሉት ማለት ነው። ለአብራሪነት ግን መስፈርቱ ጠበቅ ይላል፤ እሱን ካሰብክ ለብቻው ጠይቅ።

ብዙ ሰው የሚስተው የመነጽሩን ኃይል ነው። ከ8 ዳዮፕተር ካለፈ፣ ወይም አስቲግማቲዝሙ (የዓይኑ ገጽ ክብነት እኩል ባለመሆኑ የሚመጣ ብዥታ) ከ3 ከበለጠ፣ አያልፍም። የመነጽሩን ኃይል ስፌር የሚለውን ዋናውን ቁጥር ብቻ አይተው አይወስኑም፤ የሲሊንደሩን፣ ማለትም የአስቲግማቲዝሙን ቁጥር፣ ግማሽ ይደምሩበታል። ለምሳሌ የመነጽር ማዘዣ ወረቀትህ ላይ ስፌር ማይነስ 7.50፣ ሲሊንደር ማይነስ 1.50 ቢል፣ «ከ8 በታች ነኝ» ብለህ ትረጋጋ ይሆናል። ድምሩ ግን ማይነስ 8.25 ነው። ስለዚህ ዛሬውኑ ወረቀትህን አውጣና አስላ።

አሁን ወደ ሌዚኩ። ቁጥሬን ይቀንስልኛል ብለህ ከሆነ አትልፋ። የሚያዩት ከቀዶ ጥገናው በፊት የነበረውን ቁጥር ነው፤ ያኔ ከ8 በላይ ከነበርክ አሁን አጥርተህ ብታይም ነገሩ ያው ነው። ከ8 በታች ከሆንክ ደግሞ መጀመሪያውኑ አያስፈልግህም። በዚያ ላይ ከተሠራህ በኋላ 180 ቀን ማለፍ አለበት። ዓይንህ መርጋቱን ለማሳየትም ቢያንስ አንድ ወር የተራራቁ ሁለት ልኬቶች ይጠየቃሉ። ያንተ ጊዜ አንድ ዓመት ብቻ ነው። አርሚው ራሱ ለወታደሮቹ የዓይን ሌዘር በነፃ ይሠራል። ከገባህ በኋላ ትደርስበታለህ።

እኔን ያዘገየኝ ዓይኔ ሳይሆን ወረቀቱ ነው። የመረመረኝ ሐኪም ቤት ሲሊንደሩን ሳይጽፍ ቅጹን ላከ። ዶድመርብ፣ ማለትም የአርኦቲሲን የሕክምና ፋይል የሚገመግመው ቢሮ፣ ተጨማሪ መረጃ ጠየቀ። ስድስት ሳምንት በጭንቀት ጠበቅኩ። አንተ ግን ከክፍሉ ሳትወጣ ቅጹን በዓይንህ አይተህ፣ ኮፒ ይዘህ ውጣ። ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ከሆነም ከምርመራው ቀናት በፊት አውልቀው። ሌንሱ የዓይኑን ቅርጽ ስለሚለውጥ ልኬቱ ይዛባል። ስንት ቀን በፊት እንደሚያስፈልግ ቀጠሮ የሚሰጡህን ጠይቃቸው፤ ለስላሳውና ጠንካራው ሌንስ እኩል አይደለም።

የቀለም ፈተናም አለ፤ በነጠብጣብ መሀል የተደበቀውን ቁጥር ማንበብ ነው። ቀይና አረንጓዴ ከተምታታብህ የምትመደብበትን ሙያ ሊያጠብብህ ይችላል።

አያልፍም ብትባል እንኳ ዌቨር የሚባል ነገር አለ። ፋይልህ ታይቶ በልዩ ፈቃድ ልትገባ ትችላለህ። መብት አይደለም፤ ግን ተስፋ ሳትቆርጥ ጠይቅ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፤ ዜግነትህን ወስደሃል? በግሪን ካርድ ተራ ወታደር ሆኖ መግባት ይቻላል። ለመኮንንነት ግን ዜግነት ግድ ነው። ያ ካላለቀ ከዓይንህ ይልቅ እሱን አስቀድም።

ቁጥሮችህን ይዘህ በውስጥ መስመር ጻፍልኝ፤ አብረን እናሰላዋለን።