ከህንድ ሱቅ የገዛሽው የሆድ ድርቀት ዱቄት ለምን መሥራት አቆመ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። ሻርጃ ነሽ፣ ሆድሽ ከደረቀ ወራት ሆኖታል፣ ህንድ ሱቅ ገብተሽ «አዩርቬዳ (የህንድ ባህላዊ ሕክምና) ነው፣ ተፈጥሯዊ ነው፣ ምንም አያደርግም» ብለው ዱቄት ሸጡልሽ። መጀመሪያ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ይበቃሽ ነበር፤ አሁን ሁለትም አልበቃ አለሽ። ከጥያቄሽ ሥር «ትንሽ ጨምሪበት» ብለው የጻፉልሽን አትስሚያቸው።

ማሸጊያውን ገልብጪና የተቀላቀሉትን ዕፅዋት ዝርዝር አንብቢ። ሰና፣ ሰናይ፣ ሶናሙኪ ወይም ስዋርናፓትሪ የሚል ካገኘሽ አራቱም የአንድ ቅጠል ስሞች ናቸው፤ ዐረቦቹ ሰና መኪ የሚሉት። ለሆድ ድርቀት የሚሸጡ ብዙ የህንድ ዱቄቶች ውስጥ ሥራውን የሚሠራው እሱ ነው፣ ሌላው ጨውና አጃቢ ቅመም ነው። ፋርማሲ በክኒን የሚሸጠውም ይኸው ቅጠል ስለሆነ «ከኬሚካል ተገላገልኩ» የሚባል ነገር የለም።

ሰና ትልቁ አንጀት ሲደርስ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ይፈቱታል፤ ያኔ አንጀቱን ቆንጥጦ ያኮማትረዋል፣ ውሃም እንዳይመጠጥ ይከለክላል። ማታ ተወስዶ ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ቆይቶ፣ ማለትም ጠዋት የሚሠራው ለዚህ ነው። ለጥቂት ቀን ጥሩ መድኃኒት ነው። ችግሩ የሚመጣው በማግስቱ ነው። አንጀቱ ሙልጭ ብሎ ስለወጣ ለአንድ ሁለት ቀን የሚያወጣው ነገር የለውም፤ ሰውየው ግን «ደረቅኩ» ብሎ ይደግማል። ከዚያ መጠኑ ይጨምራል፣ ቁርጠቱ ይብሳል፣ ተቅማጡ ፖታሲየም ይዞ ይወጣል። እጅና እግርሽ ከዛለ ወይም ልብሽ ያለ ምክንያት በኃይል ከመታ ዱቄቱን ጠርጥሪ። ያለ ሐኪም ምክር ከአንድ ሳምንት በላይ አይወሰድም። ሻጩ ይህን ሳይናገር ትልቁን ቆርቆሮ ነው የሚያሸክምሽ!

የሚገርመው በራሱ በአዩርቬዳ ሚዛንም ይህ አወሳሰድ ስህተት ነው። በዚያ ሕክምና የሆድ ድርቀት የቫታ (የሰውነትን እንቅስቃሴ ይመራል የሚሉት የንፋስ ኃይል) ጣጣ ነው፤ በተለይ አፓና የሚባለው፣ ከእምብርት በታች ሆኖ ሰገራን፣ ሽንትንና የወር አበባን ወደ ታች የሚገፋው። የቫታ ጠባይ ደረቅ፣ ቀዝቃዛና ሻካራ ስለሆነ መድኃኒቱ ቅባት፣ ሙቀትና እርጥበት ነው። በየቀኑ ማስቀመጥ ደግሞ ያደርቃል። ቪሬቻና የሚሉት የማስቀመጥ ሕክምና አለ፤ እሱ ግን በሐኪም እጅ፣ አስቀድሞ ለቀናት ቅቤ እየተጠጣ የሚደረግ እንጂ ከቡና በፊት የሚቃም አይደለም። አንጀትንም በሦስት ይከፍላሉ፦ ለስላሳ፣ መካከለኛና ጠንካራ። ለስላሳውን ሞቅ ያለ ወተት ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ ጠንካራውን ብዙ ነገር አይነቀንቀውም። ጓደኛሽ የተስማማት መጠን ላንቺ የማይሆነው ለዚህ ነው።

አሁን የምታደርጊውን ልንገርሽ፦

1. ዱቄቱን በአንዴ አትቁረጪ። ወደ አንድ ማንኪያ፣ ከሦስት አራት ቀን በኋላ ወደ ግማሽ፣ ከዚያ አንድ ቀን እየዘለልሽ፣ ከዚያ መተው። እርጉዝ ከሆንሽ፣ ወይም የልብ፣ የኩላሊት ወይም ውሃ የሚያሸና መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ ግን ይህን ትተሽ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ሂጂ።

2. እየቀነስሽ ሳለ ኢሳብጎል ጀምሪ። ጉጃራትና ራጃስታን የሚበቅል የዘር ገለባ ነው፤ እንደኛ ተልባ ውሃ ሲያገኝ ይለጠልጣል። ምንም ያልተጨመረበትን፣ ገለባ ብቻ የሆነውን ግዢ፤ ሰና የተቀላቀለበትም ይሸጣልና አንብቢ። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ከሳምንት በኋላ አንድ የሾርባ ማንኪያ (ወደ 5 ግራም)። ብርጭቆ ሙሉ ውሃ፣ 250 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ውስጥ በጥብጠሽ ሳይረጋ ቶሎ ጠጪው፤ ወዲያው ሌላ ብርጭቆ ውሃ ጨምሪ። ሰዎች «ባሰብኝ» የሚሉት እዚህ ላይ ስለሚሳሳቱ ነው። በጥቂት ውሃ ከተወሰደ ጉሮሮ ላይ ያንቃል፣ አንጀት ውስጥም እንደ ጭቃ ይደፍናል። ደርቆ አይቃምም፣ ወስደሽ ወዲያው አትተኚ፣ ከሌላ መድኃኒትም ሁለት ሰዓት ይራቅ። የሚሠራው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሆድሽ ቢነፋና ጋዝ ቢበዛ አትደንግጪ። ህንዶች ለድርቀት በሞቀ ወተት፣ ለተቅማጥ በእርጎ ይወስዱታል።

3. ትሪፋላ። ሃሪታኪ፣ ቢቢታኪና አማላኪ የሚባሉ ሦስት ፍሬዎች፣ ዘራቸው ወጥቶ ደርቀው እኩል የተፈጩ ናቸው። ማሸጊያው ላይ አራተኛ ስም ካየሽ ሌላ ነገር ነው። መጠኑ በተለምዶ ከ3 እስከ 6 ግራም ነው፤ አንቺ ከ3 ግራም ጀምሪ። ማታ በሞቀ ውሃ አሥር ደቂቃ ዘፍዝፈሽ ጠጪው። ይመራል፣ አፍንም ያኮማትራል፤ በማር መሸፈን ይቻላል። ሆድ ካላላ ቀንሺ። ለእርጉዝ አይሆንም፤ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድም ሐኪሙን ይጠይቅ። ከኢሳብጎል ጋር በአንድ ቀን አትጀምሪው፣ የትኛው እንደረዳሽ አታውቂም።

ማታ አንድ የሻይ ማንኪያ ቅቤ በሞቀ ወተት የሚለውም ደረቅ ሆድ ላለው ይስማማል፤ ግን የእኛን ኮረሪማና ኮሰረት ያለበትን ንጥር ቅቤ አታድርጊበት፣ ህንዶቹ ያለ ቅመም ነው የሚያነጥሩት። የጉሎ ዘይትን ተዪው፣ እሱም የሚያስቀምጥ ነው።

ከዱቄቱ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። የቻራካ መጽሐፍ የሚባለው ጥንታዊው የአዩርቬዳ መጽሐፍ መታፈን የሌለባቸው ብሎ 13 የሰውነት ግፊቶችን ይዘረዝራል፤ ሰገራ አንዱ ነው። ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶች ሥራ እስኪያልቅ ብለው ይይዙታል፤ የተያዘ ሰገራ ውሃው እየተመጠጠ ይደርቃል፣ ግፊቱም እየቆየ ይደበዝዛል። ቁርስ ከተበላ በኋላ አንጀት በራሱ ይነሣል፤ ያቺን አሥር ደቂቃ ለራስሽ አስከብሪ። የፈረንጅ ሽንት ቤት ከሆነ እግርሽን በርጩማ ላይ አድርጊ። ነጭ ሩዝና ዳቦ ብቻ የሚበላ፣ በሻይ የሚውል ሰው ሰባት ዓይነት ዱቄት ቢወስድ አይድንም። ምስር፣ ፓፓያ፣ ሌሊት የተዘፈዘፈ ዘቢብ ወይም በለስ ጨምሪ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ ባስማ፣ ፓራድ፣ ናጋ ወይም ራሳ የሚል ያለበትን ክኒን ለሆድ ድርቀት ብለሽ አትግዢ። ፓራድና ራሳ ሜርኩሪ፣ ናጋ እርሳስ ነው፤ ባስማ የተቃጠለ ማዕድን። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ቦስተን አካባቢ ከሱቅ ከተገዙ 70 የአዩርቬዳ ምርቶች በ14ቱ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ አግኝቷል። የእርሳስ መመረዝ ራሱ ሆድ ያደርቃል፣ ይቆርጣልም።

የብረት ክኒን፣ ኮዴን ያለበት ማስታገሻ ወይም የካልሲየም የጨጓራ ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ድርቀቱ ከዚያ ሊሆን ይችላል። ደም ካየሽ፣ ሳትፈልጊ ከከሳሽ፣ ወይም ሆድሽ ተነፍቶ እያስታወከሽ ጋዝ እንኳ ካልወጣ ምንም ነገር ሳትወስጂ ሆስፒታል ሂጂ፤ የዱቄቱንም ማሸጊያ ይዘሽ አሳዪያቸው።